አልነጋም

ነርሷ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣
«ስንት ቃል ያወራል?» አለች ተረጋግታ።
ዙወይና አቀረቀረች። ቀለበቷን አዞረች፣
አዞረች፣ አዞረች፣
«ምንም» ብላ መለሰች።

እኔ ከበሩ ጥግ፣ የጡጦ ቦርሳ ይዤ፣
በኤሲው ደንዝዤ፣
ሰባት ቃል አውቃለሁ።

«ቡዋ» ይላል ሲጠማው፣ «ኡፍ» ይላል ሲያቃጥለው፣
«ካ» ብሎ ይሰጠኛል፣ ተምር አኝኮ ሲተርፈው፤
ከጣቴ ተላቆ በእግሩ ብቻ ሲቆም፣
«ወፌ» ይላል ለራሱ፤ መብራት ሲጠፋ፣ «የለም»።
ስሜን ቤቱ ሁሉ «ጠይባ» ነው የሚለው፤
በስድስት ጥርሱ እሱ ነው ያቃናው፦
«ጦያ»።
ሰባተኛው ይቆይ።

ወረቀቱ ላይ «እናት» የሚል ሳጥን አለ፣
«አባት» የሚል አለ፣
«ጀርባ» የሚል የለም።

ዙወይና ጎህ ሳይቀድ ቃልሃት፣ ጋዝ ፋብሪካ፤
ስትመለስ ተኝቷል፤ ተረከዙን ነካ
አድርጋ ትወጣለች።
ቀን ቀን አያቱ ሞዛ ዓይኑን ኩል ኩላ፣
እጁን ከደረቱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣
«ያልታሰረን ልጅ የገዛ እጁ ያስደነግጠዋል» ስትል፣
እኔ ፈትቼ በቅባት ሳሽ፣ አፍንጫውን ሳበጅ፣
ስንት ቀን ተኳረፍን በአንድ ልጅ!
በኋላ ሳየው ግን ማሰሩንስ ሁላችን እናስራለን፤
እሷ ከደረቱ፣ እኔ ከወገቤ።
ቃላቱንም ትሰማለች ሞዛ፤
የሱር ባሕር ወፍ ቋንቋ ይመስላታል።

ነርሷ ዜሮ ጻፈች። ክብ፣ እንደ ዓሣ ዓይን።
«ጆሮው ይታይ» አለች፣ «ሙስካት ውሰዱት።»
ጆሮው!
በሦስት በር አሳልፎ
የነጠላ ጫማዬን ኮቴ የሚለየው ጆሮ!

ልናገር? «ምላሱን ያጣመምሽው አንቺ ነሽ» ቢሉኝስ፣
ትኬት ቆርጠው በሌሊት ወዳገሬ ቢሸኙኝስ?
ዝም ልበል? ደህና ጆሮ በማሽን ይበርበር?

ልጁ ይኼኔ ነው የእናቱን ሻሽ ስቦ
ፊቱን የሸፈነው፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፦
«ኩኩሉ!»

ዝም።

ይጠብቃል። ሻሹ አፉ ላይ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።
«ዶሮ መሰለ እኮ» አለች ዙወይና፣ ለነርሷ ፈገግ ብላ።
«ኩኩሉ…» አሁን ድምፁ ወደ ልቅሶ ያደላ።
የሚመልስለት ያጣ ሰው
ስንት ጊዜ ተጣርቶ ነው የሚተው?

መዲናዬን አሰብኩ፣ ሐይቅ፣ ከእናቴ ዘንድ፤
በስልክ «ኩኩሉ» ስላት፣ ኔትወርኩ ሲሄድ፣
ምስሏ ደርቆ ቀርቶ፣ አፏ እንደተከፈተ፣
መልሷ እስኪደርሰኝ ጨዋታው ሞተ።

አፌ ነው የቀደመኝ፦
«አልነጋም!»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ሁሉም ዞረው አዩኝ።
ቦርሳው ከእጄ ወደቀ፤ ጡጦው ተንከባለለ።
«ምን አልሽው?» አለች ዙወይና። ቁጣ ይሁን ቅናት
አልለየሁትም።
«እየጠየቀ ነው» አልኳት በሰባራ አረብኛዬ፣
«ነጋ ወይ እያለ። አልነጋም ይባላል፣
እስኪነጋ ድረስ።»

ሻሹን መልሳ ጣል አደረገችበት።
«አል… ነጋ… ም» አለች፣
በጋለ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ሰው።
ልጁ ሻሹን ገለጠ። አያት። ቆየ። እንደ እንግዳ አያት።
ከዚያ መልሶ ተከናነበ።

ነርሷ ዜሮውን አልሰረዘችም፤
አጠገቡ ግን አንዲት ጭረት ጨመረች፣
ምን እንደሆነች እኔም አላውቅ።

ማታ በሬ ተንኳኳ። ዙወይና ናት፣
እስክሪብቶ ይዛ፣ መዳፏን ዘርግታ።
«ሌላውስ?» አለች።
ቡዋን፣ ኡፍን፣ ካን፣ ወፌን፣ የለምን፣
በአረብኛ ፊደል መዳፏ ላይ ጻፈች፤
እየጻፈች እያንዳንዱን በሹክሹክታ ቀመሰች።
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው» አልኳት።

ስሜን አስቀረሁት።